በቡታ ጋዝ እንድትሠራ የተለወጠች መኪና ስታስቸግር

የአጥቢያ መኪና በአንድ ቀን ብዙ ጉዳይ ትሸከማለች። ጠዋት ለግንባታ የሚሆን ሲሚንቶ ታመጣለች፤ ከቀትር በኋላ ካህናትን ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ታደርሳለች፤ ሌሊት ደግሞ ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በእርሷ ይሆናል። ስለዚህ መኪናዋ የማትታመን በሆነች ጊዜ የሚጎዳው የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመምጣቱ የቤንዚን ዋጋ በየጊዜው ጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያለችውን የቤንዚን መኪና ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። በዚህ መካከል የቤንዚን ሞተርን በቡታ ጋዝም እንዲሠራ አድርጎ መለወጥ እንደ አንድ መፍትሔ ይነሣል። ነገሩ በራሱ አዲስ አይደለም፤ በቱርክ፣ በጣልያን፣ በፖላንድና በደቡብ ኮሪያ እጅግ ብዙ መኪኖች ለበርካታ ዓመታት በዚሁ ጋዝ ሲሄዱ ኖረዋል።

ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ያለችው መኪና፣ በስጦታም ይሁን በግዥ፣ ሥርዓቱን ከሚያውቅ ጋራዥ ርቃ ስትሠራ ነው። ከአዲስ አበባ ቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዋጫ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በከተማ ውስጥ ጥቂት ያንገራግር የነበረ ሞተር የጎጀብን ሸለቆ ወርዶ ወደ ቦንጋ ሲወጣ፣ ከዚያም በዝናብና በጭቃ መካከል ሲመላለስ ጨርሶ ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ የተለመደው አካሄድ አንዱን ዕቃ ከሌላው በኋላ መቀየር ነው። ገንዘቡ ያልቃል፤ ችግሩ ግን ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባቶችንና የሰበካ ጉባኤ አባላትን መካኒክ ማድረግ አይደለም። ችግሩ ከየት እንደሚጀምር በሥርዓት እንዲለዩ፣ ለባለሙያው ትክክለኛውን ጥያቄ እንዲያቀርቡና በመጨረሻም መኪናዋ በጋዝ ትቀጥል ወይስ ወደ ቤንዚን ትመለስ የሚለውን በማስረጃ እንዲወስኑ ለመርዳት ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ

ቡታ ጋዝ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ሁለት ጋዞች ድብልቅ ነው። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ቡቴን የሚፈላው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በእኛ አየር ሁለቱም በተፈጥሯቸው ተን ናቸው፤ በጠንካራ ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ሲታመቁ ግን ፈሳሽ ይሆናሉ። በመኪናዋ ሲሊንደር ውስጥ የሚንቦጫረቀው ይኸው ፈሳሽ ነው።

ፈሳሹ ከሲሊንደሩ በቀጭን ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ክፍል ይመጣል። በመንገዱ ላይ ቆሻሻ የሚያስቀር ፊልትሮና በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ ያገኛል። ቀጥሎ ሬዱሰር ወደሚባለው ዕቃ ይገባል። ሬዱሰሩ ሁለት ሥራ አለው፤ የጋዙን ግፊት ይቀንሳል፤ ፈሳሹንም ወደ ተን ይለውጣል። ፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፤ አልኮል እጃችን ላይ ሲፈስ የሚቀዘቅዘን በዚሁ ምክንያት ነው። ሬዱሰሩ እንዳይበርድ የራዲያተሩ ሙቅ ውኃ በውስጡ እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከሚያጋጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ ከዚህ ይነሣሉና።

ከሬዱሰሩ የወጣው ተን ወደ ሞተሩ የሚገባው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው። ካርቡራተር ባላቸው የቆዩ መኪኖች ጋዙ ሚክሰር በሚባል ቀለበት አማካይነት ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። በኮምፒውተር በሚመሩት መኪኖች ደግሞ ለእያንዳንዱ ፒስተን የራሱ የጋዝ ኢንጀክተር ይኖረዋል፤ የጋዙ ኮምፒውተር ከቤንዚኑ ኮምፒውተር ትእዛዝ እየተቀበለ መጠኑን ይወስናል። መኪናችሁ ከሁለቱ የትኛው እንዳላት አስቀድማችሁ እወቁ፤ መፍትሔው ይለያያልና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ይህ ዓይነቱ ለውጥ የሚስማማው ለቤንዚን ሞተር ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ጋዝን ለብቻው ማቀጣጠል አይችልም። ብዙ ጊዜ በልማት ሥራ ላይ የሚታዩት የናፍጣ ላንድ ክሩዘሮች በዚህ መንገድ አይለወጡም። «እለውጥላችኋለሁ» የሚል ቢመጣ በመጀመሪያ ይህን ጠይቁት።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ

መኪናዋ ስታስቸግር ጋዙን ከመክሰሳችን በፊት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸው ችግር በቤንዚን ስትሄድም ይታያልን?

ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ችግሩ የሚታይበትን አንድ መንገድ ምረጡ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ማርሽ አንድ ጊዜ በጋዝ፣ አንድ ጊዜ በቤንዚን ሂዱ። ሾፌሩ ያየውን ወዲያው ይመዝግብ። ከዚህ የሚወጣው ውጤት ከሦስት አንዱ ነው። ችግሩ በሁለቱም ነዳጅ ከታየ ሕመሙ የመኪናዋ እንጂ የጋዙ አይደለም። በጋዝ ብቻ ከታየ ወደ ጋዙ መሥመር እንመለከታለን። በቤንዚን ብቻ ከታየ ደግሞ ቤንዚኑ ተረስቷል ማለት ነው።

በኮምፒውተር በሚመራ ሞተር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤንዚኑ ኮምፒውተር ከጭስ ማውጫው ሴንሰር እያነበበ የነዳጁን መጠን ራሱ ያርማል፤ ያረመውንም ያስታውሳል። ጋዙ በተሳሳተ ልክ ከተስተካከለ ኮምፒውተሩ ያንን ስሕተት ለመሸፈን የተማረው እርማት ወደ ቤንዚን ሲዞርም ለጥቂት ጊዜ አብሮት ይቆያል። ስለዚህ በቤንዚን ጥቂት ብቻ ሄዶ መፍረድ አይገባም፤ በርከት ያለ ኪሎ ሜትር ሂዱና ከዚያ ፍረዱ።

በሁለቱም ነዳጅ የሚታይ ሕመም

ችግሩ በሁለቱም ከታየ የጋዝ ባለሙያ መፈለግ አያስፈልግም፤ በቦንጋ ወይም በጅማ ያለ ጥሩ የቤንዚን መካኒክ ይበቃል። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ ቦቢና፣ የአየር ፊልትሮ፣ የቫልቭ ክፍተትና የፒስተኖቹ ግፊት በቅደም ተከተል ይታያሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የእሳቱ ክፍል ይቀድማል። የጋዝና የአየር ድብልቅ ከቤንዚን ይልቅ ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል። ስለዚህ ያረጀ ካንዴላ ወይም የተሰነጠቀ ገመድ በቤንዚን ጊዜ ተደብቆ በጋዝ ጊዜ ሊገለጥ ይችላል። ችግሩ «በጋዝ ብቻ» ቢመስልም እንኳ ከሌላው ሁሉ በፊት ካንዴላና ገመድ መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ዋጋቸውም ከሬዱሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የካፋ አየር ርጥበት የበዛበት፣ ዝናቡም የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል የሚይዝ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ጠዋት መኪናዋ የምታንገራግር፣ ፀሐይ ከወጣና ሞተሩ ከደረቀ በኋላ የሚሻላት ከሆነ ጥርጣሬው በእነዚህ ገመዶችና በኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ላይ ይውደቅ።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የከፍታው ጉዳይ ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተርም በየትኛውም ነዳጅ ቢሠራ በዚያው ልክ ኃይሉ ይቀንሳል። በጋዝ ሲሆን፣ በተለይ በሚክሰር የሚሠራው፣ ተኑ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ ጥቂት ተጨማሪ ኃይል ይጎድላል። እንግዲህ ሙሉ ጭነት ይዛ አቀበት ላይ የምትደክም መኪና ሁሉ ተበላሽታለች ማለት አይደለም። መለኪያው ትናንት በዚያው አቀበት እንዴት ትወጣ ነበር የሚለው ነው።

በጋዝ ብቻ የሚታይ ሕመም

ችግሩ በጋዝ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠና የእሳቱ ክፍል ከታየ በኋላ ምልክቱን ተከትሎ መሄድ ይቻላል።

ወደ ጋዝ አልዞርም ስትል ወይም ዞራ ወዲያው ስትጠፋ፦ የኮምፒውተር ሥርዓት ያላቸው መኪኖች በቤንዚን ተነሥተው ሬዱሰሩ ሲሞቅ ብቻ ወደ ጋዝ ይዞራሉ። ሙቀቱ ካልደረሰ አይዞሩም። ስለዚህ መጀመሪያ የራዲያተሩን ውኃ ተመልከቱ፤ ሞተሩ በሚገባ ሳይበርድ ግን ክዳኑን አትክፈቱ። ውኃው ከጎደለ ወይም በቱቦው ውስጥ አየር ከተያዘ ሙቅ ውኃ ወደ ሬዱሰሩ አይደርስም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሬዱሰሩ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዴም በላዩ ላይ ውርጭ ይታያል። የራዲያተሩ ክዳንም ይታይ። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በቦንጋ ከፍታ ውኃው በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፈልቶም ይተናል። ብዙ ጊዜ «ሬዱሰሩ ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ የሚገዛበት ችግር የተጀመረው ከአንድ ያረጀ ክዳን ሊሆን ይችላል።

አቀበት ላይ ወይም በፍጥነት ስትሄድ ኃይል ስታጣ፣ በሜዳ ላይ ግን ደኅና ስትሆን፦ ሞተሩ ብዙ ጋዝ ሲጠይቅ የሚበቃው አልደረሰም ማለት ነው። የተዘጋ ፊልትሮ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። ብዙ አምራቾች የጋዝ ፊልትሮ ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራሉ። ፊልትሮው አዲስ ከሆነ የሲሊንደሩ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ፣ ከዚያም የሬዱሰሩ ግፊት በመለኪያ ይታያል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ፍሬን ተይዞ ስትቆም ወይም በሚኒሞ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ፦ ይህ ብዙ ጊዜ የማስተካከያ ጉዳይ ነው። በሬዱሰሩ ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ጋዙን በልክ አይሰጥም። ጋዙ ይዞት የሚመጣው ቅባት መሰል ዝቃጭም በሬዱሰሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ባለሙያ በየጊዜው ሊያወጣው ይገባል። ከሬዱሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ቢሰነጠቁ ወይም ማሰሪያቸው ቢላላ ምልክቱ ይኸው ነው። በኮረኮንች መንገድ በምትመላለስ መኪና ላይ ማሰሪያ መላላቱ የሚጠበቅ ነውና ይህ በየወሩ ይፈተሽ።

ችግሩ ጋዝ ከተሞላ በኋላ ሲጀምር፦ ከየት እንደተሞላና መቼ እንደሆነ ጻፉ። የፕሮፔንና የቡቴኑ ድርሻ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል፤ ቆሻሻ ወይም ውኃ የገባበት ጋዝም ያጋጥማል። በሚቀጥለው ሙሌት ችግሩ ከጠፋ ዕቃ መቀየር አያስፈልግም።

በአየር ማስገቢያው በኩል እንደ ጥይት ሲተኩስ፦ ይህ በተለይ በሚክሰር በሚሠሩት ላይ ይከሠታል። ምክንያቱ ዘወትር ደካማ እሳት ወይም የሳሳ ድብልቅ ነው። ተኩሱ የአየር ፊልትሮውን ቤት ሊሰብር ይችላል። እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ወደ ቤንዚን አዙሩ፤ ካንዴላውና ገመዱ ሳይታይ ወደ ጋዝ አትመለሱ።

አንድ ጊዜ ስትታመን አንድ ጊዜ ስትከዳ፦ ምክንያቱ የማይያዝ፣ ቀንና ሰዓት የማይመርጥ መቆም አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። የላላ የባትሪ ማሰሪያ፣ የዛገ የአካል መሬት መገናኛ፣ ውኃ የገባበት ፊውዝ ወይም ለውጡ ሲሠራ በወጉ ሳይያያዝ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ያስከትለዋል። ለውጡን የሠራው ጋራዥ የሽቦውን ሥዕል ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ካልሰጣችሁ ጠይቁት።

በኮምፒውተር የሚመሩት ሁሉ ደግሞ በመመርመሪያ ማሽን ሊነበቡ ይገባል። ማሽኑ የጋዙን ግፊት፣ የሬዱሰሩን ሙቀትና የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ሥራ ያሳያል። ሳያነቡ ዕቃ የሚቀይሩ ባለሙያዎች ገንዘባችሁን እየገመቱበት ነው።

ቤንዚኑ ሲረሳ

መኪናዋ በጋዝ ትሄዳለች ተብሎ ሰልባትዮው ባዶ እንዲሆን መተው ትልቅ ስሕተት ነው። የቤንዚኑ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው፤ ደርቆ ከሠራ ይቃጠላል። ብዙ ወራት የቆየ ቤንዚንም ያረጃል፤ መሥመሩን ያቆሽሻል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጋዙ መንገድ ላይ ቢከዳ የሚያደርሳችሁ ያው ቤንዚን ነው። ስለዚህ ሰልባትዮው ቢያንስ ሩብ ያህል ይያዝ፤ በየሳምንቱም ጥቂት ኪሎ ሜትር በቤንዚን ይኬድ። በቤንዚን በደንብ የማትሄድ መኪና በጋዝ ሌሊት በሽተኛ ይዛ እንድትወጣ መደረግ የለባትም።

እጅ የማይገባበት

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ማየትን፣ መመዝገብንና መጠየቅን የሚመለከት ነው። የሲሊንደሩ ቫልቭ፣ የጋዙ ቧንቧና የሬዱሰሩ ውስጥ ግን ላልሠለጠነ እጅ የተከለከሉ ናቸው።

ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስስ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ወርዶ በጉድጓድ፣ በምድር ቤትና በመኪናዋ ወለል ይተኛል። በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው፣ መፍሰሱ እንዲታወቅ የሚከረፋ ነገር ይጨመርበታል። ይህ ሽታ በተሰማ ጊዜ ሞተሩን አታስነሡ፤ እየሠራ ከሆነም አጥፉት። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ጧፍና ከሰል ይራቁ፤ ስልክም መኪናዋ አጠገብ አይነካ። በሮቹን ከፍታችሁ ሰዎችን አርቁ። በእጅ የሚዘጋው የሲሊንደሩ ቫልቭ በደኅና የሚደረስበት ከሆነ ዝጉት። የሚያፈስሰውን ቦታ መፈለግ የሚቻለው በሳሙና ውኃ ብቻ ነው፤ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ያፈስሳል። በእሳት መፈለግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

መኪናዋ ጧፍ ከሚበራበትና ማዕጠንት ከሚዘጋጅበት ቦታ ርቃ፣ አየር በሚገባበት ስፍራ ትቁም። በምድር ቤት ወይም በተዘጋ መጋዘን ውስጥ አታሳድሯት።

ሲሊንደሩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም። ፈሳሹ በፀሐይ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ግፊቱ ወደ አደጋ ይደርሳል። በትክክል የተሠራ የመኪና ሲሊንደር በዚህ መጠን ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ አለው። የወጥ ቤት ሲሊንደርን ገልብጦ ወደ መኪና መቅዳት የሚያስፈራው ለዚህ ነው። የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ተን ከላይ እንዲሰጥ ተሠርቷል፤ የመኪናው ደግሞ ፈሳሹን ከታች ይወስዳል። መለኪያም ሆነ ገደብ በሌለው ቱቦ የሚደረግ ቅጂ ብዙ ጋዝ ያፈስሳል፤ ከመጠን በላይም ሊሞላ ይችላል። ማንም «እኛ ሁልጊዜ እንዲህ እናደርጋለን» ቢላችሁ አትስሙት።

ሲሊንደሩም ዕድሜ አለው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 67 መሠረት የተሠራ ሲሊንደር የተሠራበት ቀንና የፈተና ምልክት በላዩ ላይ ታትሞ ይገኛል። በጣልያን ሲሊንደሩ 10 ዓመት ሲሞላው ይቀየራል። ምልክት የሌለው፣ የዛገ ወይም የተበየደ ሲሊንደር ያላት መኪና በጋዝ መሄዷን ወዲያው ታቁም።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

የሰበካ ጉባኤው ሥራ የሚጀምረው በአንድ ደብተር ነው። ሾፌሩ ጋዝ በተሞላ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሊትሩን፣ ዋጋውንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ይጻፍ። ችግር በታየ ቁጥር ደግሞ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ጭነቱን፣ መንገዱንና በየትኛው ነዳጅ እንደነበረ ይመዝግብ። ከሁለት ወር በኋላ ይህ ደብተር ብዙ ባለሙያዎች በግምት ያላገኙትን ይናገራል። ሁልጊዜ ከዝናብ በኋላ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ሙሌት በኋላ የሚመጣ ወይም ሁልጊዜ ራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ በኋላ የሚመጣ ችግር ምንጩን ራሱ ያሳያል።

ቀጥሎ የሰነዱ ነገር ነው። መኪናዋ ስትሰጥ ወይም ስትገዛ የለውጡ ሥራ የተሠራበት ደረሰኝ፣ የሲሊንደሩ ማረጋገጫና የሽቦው ሥዕል ከመኪናዋ ጋር ይረከቡ። ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ እንዳለበት ጠይቁ፤ ለዓመታዊ ምርመራ ከመሄዷም በፊት ይህ ይጠናቀቅ። ለኢንሹራንስ ድርጅቱም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። አንድ ሊትር ቡታ ጋዝ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ኃይል ይይዛል፤ ስለዚህ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚበልጥ ሊትር ይጠይቃል። በሊትር ርካሽ የመሰለው ሁሉ በኪሎ ሜትር ርካሽ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል በዋጫ ያለች አንዲት ሚኒባስን እናስብ። በቤንዚን በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የምትወስድ ከሆነ በጋዝ 15 ሊትር ያህል ትወስዳለች። ሲሊንደሯ 60 ሊትር ቢይዝ ሊሞላ የሚገባው 48 ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም ወደ 320 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። በደንብ የሚሞላበት ቦታ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ዋጫ ስትደርስ በሲሊንደሯ የሚቀራት ለ20 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለች መኪና የምትሠራው ለአጥቢያው ሳይሆን ለራሷ ጋዝ ማመላለሻ ነው። ይህን ሒሳብ ጉባኤው በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ርቀትና በወቅቱ ዋጋ ይሥራው። መሙያው ወደ ሌላ ጉዳይ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ካለ ውጤቱ ይለወጣል፤ ከሌለ ግን ማንኛውም ጥገና ይህን አይለውጠውም።

በመጨረሻ ውሳኔው ነው። የቀረበው ማስረጃ ሁሉ ታይቶ ከሦስት አንዱን መምረጥ ይቻላል። ችግሩ ታውቆ በአቅራቢያ የሚጠገን፣ ጋዙም የሚገኝ ከሆነ ይጠገን፤ በየስድስት ወሩ የሚፈትሽ ባለሙያ ጋርም በጽሑፍ ውል ይገባ። ችግሩ የታወቀ ሆኖ ባለሙያው ወይም ጋዙ ሩቅ ከሆነ የጋዙ መሥመር በባለሙያ ተዘግቶ መኪናዋ በቤንዚን ብቻ ትሂድ፤ ሲሊንደሩም በባለሙያ ባዶ ተደርጎ ይነሣ። የሲሊንደሩ ደኅንነት አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ውይይት አያስፈልግም፤ ያን ቀን ይቁም።

ወደ ቤንዚን መመለስ ለሰበካ ጉባኤው ሽንፈት ሊመስል ይችላል፤ ለውጡ በስጦታ የመጣ ከሆነ ደግሞ ስጦታውን ማቃለል ይመስላል። ነገር ግን ለጋሹ መኪናዋን የሰጠው ሰው እንድታደርስ ነው። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ምክንያቱና ሒሳቡ አብረው ይጻፉ፤ ለለጋሹም ቅጂው ይላክ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ጉባኤ ተመርጦ ሌላ ባለሙያ «ጋዝ ላስገባላችሁ» ብሎ ሲመጣ መዝገቡን ከፍተው ያነብባሉ፤ የተከፈለውንም ዋጋ ዳግመኛ አይከፍሉም።